መስመሩን አስተካክሉ፣ ቁጥሩ ራሱ ይስተካከላል፦ የአውቶካድ ኤዲቲንግና ዳይሜንሽን ከአንዲት ሰርቪስ ቤት ጋር

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ነው። አንዲት ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ውስጥ አውቶካድ በሚባለው የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም የመኖሪያ ቤት ፕላን እሠራለሁ። አለቃዬ መጣና «የመኝታ ቤቱ መስኮት 1 ሜትር ከ20 ይሁን» አለኝ። መስመሩ 100 ሴንቲ ነበር። ሰዓቱ መሽቷል። ዳይሜንሽኑን፣ ማለትም የመስመሩን ልኬት የሚያሳየውን ቁጥር፣ ሁለቴ ክሊክ አደረግኩና 120 ብዬ ጻፍኩበት። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ምንም እንከን የለውም። መስመሩ ግን እንደነበረ 100 ቀረ።

ግንበኛው የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ቀዳዳውን 120 አድርጎ ተወ። የአሉሚኒየም ሠራተኛው ደግሞ ሶፍት ኮፒውን ወስዶ ከፋይሉ ላይ ለካ። ፍሬሙ 100 ሆኖ መጣ። የቤቱ ባለቤት እዚያው ቆመው ነበር። አልተቆጡም። ጠጋ ብለው በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በእጃቸው ለኩት። ልክ አንድ ስንዝር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አጥብቄ ይዣለሁ። ፕላን ላይ ቁጥር አይጻፍም፤ ቁጥር ይለካል። ኤዲቲንግን፣ ማለትም የተሳለውን ማስተካከልን፣ ጥሩ አድርጎ የያዘ ሰው ቁጥር ለመጻፍ አይገደድም፤ መስመሩን ማስተካከል ለእሱ የሰከንዶች ሥራ ነውና። ስለዚህ ኤዲቲንግንና ዳይሜንሽንን ለያይቼ አላስተምርም። አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ከባዶ እንሥራ፣ ዳይሜንሽን እናድርግላት፣ ከዚያ ባለቤቱ ሐሳባቸውን ቀየሩ እንበልና እናሳድጋት።

መስመርና ሳጥን መሳል ትችላላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በኪቦርዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እዚህ የፊደሎቹን አጠራር ነው ያስቀመጥኩት። «ቲ-አር» ካልኩ ሁለቱን ፊደላት መትታችሁ ኢንተር ማለት ነው። ትልቁ ስፔስ ባርም እንደ ኢንተር ይሠራል፤ ለአውራ ጣት ስለሚቀርብ እሱን ልመዱ። ባዶ ኮማንድ ላይ ስትጫኑት ደግሞ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይደግምላችኋል። ፕሮግራሙ የሌላችሁ ተማሪዎችና መምህራን ከአምራቹ ከአውቶዴስክ በነጻ፣ በየዓመቱ የሚታደስ የትምህርት ፈቃድ መጠየቅ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ማሰናዳት

አዲስ ፋይል ስትከፍቱ «አካድ-አይኤስኦ» የሚለውን ቴምፕሌት (ዝግጁ መነሻ ፋይል) ምረጡ። ከዚያ የመለኪያ አሃዱን ለመምረጥ «ዩ-ኤን» በሉ። የሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ዓይነቱን ዴሲማል፣ የኢንሰርሽን ስኬሉን ሴንቲሜትር አድርጉት። እኔ በሴንቲ የምሠራው ግንበኞቻችን በሴንቲ ስለሚያወሩ ነው፤ «ባለ 20 ብሎኬት»፣ «ባለ 15 ብሎኬት» ነው የሚባለው። በሚሊሜትር ወይም በሜትር የሚሠራ ቢሮ ከገባችሁ የእነሱን ያዙ። ዋናው ነገር አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው አለመቀላቀል ነው።

ሁለት ቁልፎች አሉ። ኤፍ-3 ኦስናፕን ያበራል፤ ማውዙ የመስመር ጫፍን፣ መሐልን፣ መገናኛን እንዲይዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ኤፍ-8 ኦርቶን ያበራል፤ መስመር ቀጥ ብሎ እንዲሄድ። ኦስናፕ ጠፍቶ የተሠራ ፕላን ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ዳይሜንሽን ሲደረግለት ነው 349.6 ምናምን እያለ የሚያጋልጣችሁ።

አመራረጥን አሁኑኑ ለዩ፤ በኋላ ትልቁን ሥራ የሚሠራልን እሱ ነው። ማውዙን ከግራ ወደ ቀኝ ስትወስዱ ሰማያዊ ሳጥን ይወጣል። ሙሉ በሙሉ ውስጡ የገባውን ብቻ ይመርጣል። ከቀኝ ወደ ግራ ስትወስዱ ሳጥኑ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጠርዙም ቁርጥራጭ ነው። ይሄኛው የነካውን ሁሉ ያፍሳል። ጫፉን ብቻ ቢነካው እንኳ።

ግድግዳው፦ ኦፍሴት፣ ኤክስፕሎድና ትሪም

ክፍሎቹ ከውስጥ እያንዳንዳቸው 350 በ300 ይሁኑ። የውጭ ግድግዳ 20፣ መሐለኛው 15። ልስኑን አንቆጥርም። ደምሩት፦ 20፣ 350፣ 15፣ 350፣ 20። ርዝመቱ 755 መጣ። ወርዱ 20፣ 300፣ 20 ሆኖ 340።

«አር-ኢ-ሲ» በሉ። ባዶ ቦታ ላይ አንዴ ክሊክ። ከዚያ 755 ኮማ 340 ጽፋችሁ ኢንተር። ሳጥኑ የትና የት ከሄደባችሁ ዳይናሚክ ኢንፑት ጠፍቷል ማለት ነው፤ በኤፍ-12 አብሩት፣ ወይም ከቁጥሩ በፊት @ ጨምሩ።

አሁን «ኦ»፣ ማለትም ኦፍሴት። 20 ጽፋችሁ ኢንተር። ሳጥኑን ክሊክ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ በኩል ክሊክ። የውጭ ግድግዳው አለቀ። ከአውቶካድ ትእዛዞች ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ኦፍሴትን ነው የምይዘው። ግድግዳ ማለት ሁለት ትይዩ መስመር ነው፤ ደረጃም፣ መንገድም፣ የመስኮት ፍሬምም እንደዚያው።

መሐለኛውን ግድግዳ ለማምጣት የውስጠኛውን ሳጥን የግራ ጎን ብቻ እንፈልጋለን። ሳጥኑ ግን አንድ ሙሉ ነገር ነው፤ ኦፍሴት ብትሉት አራቱም ጎን አብሮ ይመጣል። ስለዚህ «ኤክስ»፣ ማለትም ኤክስፕሎድ፣ በሉና የውስጠኛውን ብቻ ምረጡ፣ ኢንተር። አራት መስመር ሆኖ ተበተነ። አሁን የግራውን መስመር 350 ወደ ቀኝ ኦፍሴት አድርጉ። የመጣውን መስመር ደግሞ 15 ወደ ቀኝ። ርቀቱ ስለተቀየረ ትእዛዙን እንደ አዲስ መጥራት አለባችሁ።

መሐለኛው ግድግዳ ከዋናው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ ክዳን የመሰለ መስመር ቀርቷል። እሱን የሚቆርጠው ትሪም ነው፣ «ቲ-አር»። ከ2021 እትም ወዲህ ያለው አውቶካድ ሌላ አይጠይቅም፤ መጥፋት ያለበትን ቁራጭ ክሊክ ማድረግ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ላይ «ቲ-አር» ካላችሁ በኋላ አንዴ ተጨማሪ ኢንተር ጫኑ። ያኔ ሁሉም መስመር እንደ መቁረጫ ይቆጠራል። ድሮ በተጻፈ ማስተማሪያ የሚማሩ ልጆች «ትሪም አልሠራ አለኝ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ በዚህ ልዩነት ነው። ላይና ታች ሁለቱን ቁራጮች አጥፉ። ትሪም ላይ እያላችሁ ሺፍት ከያዛችሁ ደግሞ መቁረጡ ቀርቶ ያስረዝማል፤ ኤክስቴንድ የሚባለውን ለብቻው መጥራት አያስፈልግም።

በሩ፦ አንዴ መሥራት፣ በሚረር ማምጣት

በሩ በታችኛው ግድግዳ፣ ከመሐለኛው ግድግዳ 20 ሴንቲ ርቆ፣ ስፋቱ 90 ይሁን። ከግራው ክፍል እንጀምር። «ኤል» ብላችሁ መሐለኛው ግድግዳ ከታችኛው ጋር የሚገናኝበትን የግራ ክፍል ማዕዘን ያዙ። ከዚያ ቀጥ ብላችሁ እስከ ውጭው መስመር ውረዱ። ይህን አጭር መስመር 20 ወደ ግራ ኦፍሴት አድርጉ። የመጣውን ደግሞ 90 ወደ ግራ። መጀመሪያ የሳላችሁትን አጥፉት፤ ለመነሻ ብቻ ነበር። በ«ቲ-አር» በሁለቱ መካከል ያለውን የውስጥና የውጭ መስመር ቁረጡ። በር ተከፈተ።

የቀኙን ክፍል በር እንደገና አትለኩ። «ኤም-አይ» በሉ፣ ሚረር። ሁለቱን የበር ጠርዝ መስመሮች ምረጡና ኢንተር። የመስታወቱን መስመር ሲጠይቃችሁ የላይኛውን የውጭ ግድግዳ መሐል ነጥብ ያዙ፤ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይታያችኋል። ኦርቶ በርቶ ወደ ታች አንዴ ክሊክ። ዋናው ይጥፋ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ኢንተር፤ አይጥፋ ማለት ነው። እዚያም ያለውን ግድግዳ በትሪም ክፈቱ። የበሩን መዝጊያና ቅስቱን ካከላችሁ እነሱንም አብራችሁ በሚረር ውሰዱ።

እግረ መንገዴን ስለ ፊሌት ላንሳ። ሁለት መስመሮች ማዕዘን ላይ ሳይደርሱ ቀርተው ወይም ተላልፈው ካገኛችሁ «ኤፍ» በሉ። አንደኛውን ክሊክ አድርጉ፣ ሺፍት ይዛችሁ ሁለተኛውን። ስል ማዕዘን ሆነው ይገጥማሉ። ሃች ስታደርጉ (አንድን ቦታ በጭረት ወይም በቀለም ስትሞሉ) «ዙሪያው አልተዘጋም» የሚል መልእክት ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ የእንዲህ ዓይነት ማዕዘን ጉዳይ ነው።

ዳይሜንሽን ከማድረጋችሁ በፊት፦ ስታይሉ

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ዳይሜንሽን ያደርጋል፣ ቁጥሩ አይታይም። ወይም ቤቱን የሚያክል ቁጥር ይመጣል። ከዚያ ፊደሉን አንድ በአንድ ማሳደግ ይጀምራል። ይሄ ልፋት ነው። ስታይሉን፣ ማለትም የዳይሜንሽኑን መልክና መጠን የሚወስነውን ቅንብር፣ አንዴ ማስተካከል ይበቃል።

በመጀመሪያ «ኤል-ኤ» ብላችሁ ለዳይሜንሽን የራሱ ሌየር (ለብቻው የሚበራና የሚጠፋ የሥዕል ንብርብር) ክፈቱ፣ የራሱን ቀለም ስጡት፣ ከረንት አድርጉት። ከዚያ የስታይሉን ሳጥን ለመክፈት «ዲ»። አይኤስኦ-25 የሚለውን ይዛችሁ «ኒው» በሉና ስሙን «1-50» በሉት። አምስት ነገር ብቻ እንነካለን።

ቀስቱ ላይ ሂዱና «አርኪቴክቸራል ቲክ» የሚለውን ምረጡ፤ በሕንፃ ፕላን ላይ የምናያት ያቺ ሰያፍ ጭረት ናት። መጠኗን 1.5 አድርጉ።

የጽሑፉን ቁመት 2.5 ተዉት። ወረቀት ላይ 2.5 ሚሊሜትር ሆኖ እንዲወጣ ነው የምንፈልገው። ቁመቱን መቀየር እምቢ ካለ የተመረጠው የጽሑፍ ስታይል የራሱ ቋሚ ቁመት ስላለው ነው። ወደዚያ ስታይል ሄዳችሁ ቁመቱን 0 አድርጉት፣ ይለቃል።

«ፊት» የሚለው ገጽ ላይ «ኦቨርኦል ስኬል» አለ። እዚያ 5 ጻፉ። ለምን 5? በ1 ለ 50 ወረቀት ላይ ያለ 2.5 ሚሊሜትር መሬት ላይ 125 ሚሊሜትር ነው፤ ማለትም 12.5 ሴንቲ። ፋይላችን በሴንቲ ነው፤ 2.5 ሲባዛ በ5 ደግሞ 12.5። ለ1 ለ 100 ከሆነ 10 ትጽፋላችሁ። በሚሊሜትር የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፦ 50ና 100።

«ፕራይመሪ ዩኒትስ» ላይ የነጥብ ምልክቱን ከኮማ ወደ ነጥብ ቀይሩ፤ አይኤስኦ-25 ሲመጣ ኮማ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ያለው «ስኬል ፋክተር» 1 መሆኑን እዩ። ሌላ ቁጥር ካለበት የሚወጣው ልኬት ሁሉ ከእውነተኛው መስመር ጋር አይገጥምም።

ፕሪሲዥኑን፣ ማለትም ከነጥብ በኋላ የሚታዩትን አሃዞች ብዛት፣ ወደ 0 አታውርዱት። ብዙዎች ቁጥሩ እንዲያምር ብለው ያወርዱታል። እኔ 0.00 እንዳለ ነው የምተወው፤ መጨረሻ ላይ ያሉ ዜሮዎች እንዳይታዩ የሚያደርገው ምልክት እንደበራ። መስመሩ ትክክል ከሆነ 350 ብቻ ይታያል። ከተዛባ 349.6 ይላል። ወደ 0 ካወረዳችሁት ግን 349.6ም 350 ብሎ ይቀመጣል፤ ስሕተቱ ሳይት እስኪደርስ አታዩትም። «ሴት ከረንት» ብላችሁ ዝጉት።

ሦስት ረድፍ ልኬት

ለቤት ፕላን ከውጭ በኩል ሦስት ረድፍ ይደረጋል። ለግድግዳው የቀረበው ረድፍ በርና መስኮትን ይናገራል። መካከለኛው ግድግዳና ክፍልን። የሩቁ ጠቅላላውን። ግንበኛ መጀመሪያ የሚያየው የሩቁን ነው፤ በሩን የሚፈልገው ግድግዳው ሲነሳ ነው።

በታችኛው ጎን ጀምሩ። «ዲ-ኤል-አይ» በሉ፤ የአግድምና የቁመት ልኬት የሚያወጣው ነው። የቤቱን የግራ ውጭ ማዕዘን ክሊክ፣ የመጀመሪያውን የበር ጠርዝ ክሊክ፣ ከዚያ ከግድግዳው 50 ሴንቲ ገደማ ራቅ ብላችሁ አስቀምጡት፤ ወረቀት ላይ 1 ሴንቲ ይሆናል። 260 ይላል። አሁን «ዲ-ሲ-ኦ»፣ ኮንቲኒው። ቀጣዩን ጠርዝ ብቻ ክሊክ፣ ቀጣዩን፣ ቀጣዩን። በአንድ መስመር ተደርድረው ይመጣሉ፦ 260፣ 90፣ 55፣ 90፣ 260። ደምሯቸው። 755 ካልመጣ የሆነ ቦታ ኦስናፕ ሌላ ነጥብ ይዟል።

ሁለተኛውን ረድፍ 40 ሴንቲ ያህል ወረድ አድርጋችሁ በዚሁ መንገድ ሥሩ፦ 20፣ 350፣ 15፣ 350፣ 20። ለግድግዳ ውፍረቱ ቦታው ጠባብ ስለሆነ 20 እና 15 ተገፍተው ይወጣሉ። ዳይሜንሽኑን ክሊክ አድርጉና ቁጥሩ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ነጥብ ይዛችሁ ወደሚመች ቦታ ውሰዱ። ቁጥሩን ማንቀሳቀስ ችግር የለውም፤ መቀየር ነው ክልክሉ። ሦስተኛው ረድፍ አንድ ብቻ ነው፣ 755። በጎን በኩልም እንዲሁ።

ለክብ ሬዲየስ «ዲ-አር-ኤ»፣ ለማዕዘን «ዲ-ኤ-ኤን»። እነዚህ አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው የሰያፍ መስመር ነው። ግቢያችሁ እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ግቢ ገደድ ያለ አጥር ካለው «ዲ-ኤል-አይ» የሚሰጣችሁ አግድሙን ወይም ቁመቱን ነው፤ የአጥሩን ርዝመት አይደለም። ለእሱ «ዲ-ኤ-ኤል» ተጠቀሙ፣ ከመስመሩ ጋር አብሮ የሚያጋድለውን።

ባለቤቱ ሐሳብ ሲቀይሩ፦ ስትሬች

ሁሉ ካለቀ በኋላ ስልክ ይደወላል። «የቀኙ ክፍል ትንሽ ጠበበ፣ 50 ሴንቲ ጨምሩልኝ።» ያን ቀን ማታ እኔ ቁጥር የጻፍኩት እንዲህ ዓይነት ጊዜ ነው። አሁን በትክክሉ እንሥራው።

«ኤስ» በሉ። ከቤቱ ቀኝ ጫፍ ውጭ ጀምራችሁ ከቀኝ ወደ ግራ አረንጓዴ ሳጥን ሳቡ። የቀኙን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ይክበበው፤ የላይና የታች ግድግዳ መስመሮችን ይቁረጣቸው፤ የቀኙን በር ግን አይንካ። ኢንተር። የትም ቦታ አንዴ ክሊክ፣ ኦርቶ በርቶ ማውዙን ወደ ቀኝ ጠቆም አድርጉ፣ 50 ጻፉ፣ ኢንተር።

ዳይሜንሽኖቹን እዩ። 755 የነበረው 805 ሆኗል። የቀኙ ክፍል 350 የነበረው 400። ከበሩ እስከ ማዕዘኑ 260 የነበረው 310። እጃችሁ አንድም ቁጥር አልነካም። እኔ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሦስቴ በኮንትሮል-ዜድ እየመለስኩ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ የከበበውን ነገር ስትሬች አያስረዝመውም፣ ያንቀሳቅሰዋል። ግማሹን የከበበውን ነው የሚስበው። መስኮት ካለ መሐል ላይ እንዲቀር ለብቻው በ«ኤስ» ሙሉ በሙሉ ከብባችሁ 25 ማንቀሳቀስ አለባችሁ።

መስመሩ ተስቦ ቁጥሩ ካልተቀየረ ዳይሜንሽኑ ከመስመሩ ተለያይቷል። ወይ ሲሠራ ጫፉን አልያዘም፣ ወይ አንድ ሰው በ«ኤክስ» በትኖታል። የተበተነ ዳይሜንሽን ተራ መስመርና ጽሑፍ ነው፤ አጥፍቶ እንደገና መሥራት ይሻላል። ላልተበተነው «ዲምሪአሶሺየት» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ዳይሜንሽኑን መርጣችሁ ሁለቱን ጫፎች መልሳችሁ ታሲዙታላችሁ። «ዲምአሶክ» ብላችሁ ቁጥሩ 2 መሆኑንም አረጋግጡ።

ከሌላ ሰው የመጣ ፋይልና ስካን የተደረገ ካርታ

ከሌላ ሰው የተቀበላችሁት ፋይል ላይ አንድ ነገር ሳታዩ ሥራ አትጀምሩ። ዳይሜንሽን ምረጡ፣ በኮንትሮል-1 ፕሮፐርቲስን ክፈቱ፣ «ቴክስት ኦቨርራይድ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ባዶ መሆን አለበት። ቁጥር ካለበት በእጅ የተጻፈ ነው። አጥፉት፤ እውነተኛው ልኬት ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ የቱ ልክ እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁ። ሁሉንም ዳይሜንሽን አንድ ላይ መርጣችሁም ማየት ትችላላችሁ።

የይዞታ ካርታ ስካን አድርጋችሁ ከሥር ስታስገቡ ደግሞ መጠኑ የዘፈቀደ ነው። በግምት አታሳድጉት። «ኤስ-ሲ» በሉ፣ ምስሉን ምረጡ፣ አንድ የግቢ ማዕዘን መነሻ አድርጉ፣ ከዚያ «አር» ብላችሁ ሪፈረንስ። ርዝመቱን የምታውቁትን ጎን ሁለት ጫፍ ክሊክ አድርጉና እውነተኛውን ጻፉ፤ 12 ሜትር ከሆነ 1200። ስካን ሊዛባ ስለሚችል ሌላ አንድ ጎን ለክታችሁ አመሳክሩ።

ፕሪንት

ፕሪንት ሳጥኑ ውስጥ ስኬሉን 1 ሚሊሜትር ለ 5 ዩኒት አድርጉ፤ ያው 1 ለ 50 ነው። «ፊት ቱ ፔፐር» ላይ ምልክት ካለ አንሡት። ወረቀቱ ሲወጣ ማስመሪያ አምጡና የቤቱን ጠቅላላ ርዝመት ለኩ። 805 ለ 50 ሲካፈል 16.1 ሴንቲ ነው። ከዚህ ካነሰ ወይም ከበለጠ ፕሪንተሩ በራሱ አሳንሶታል ወይም አስፍቶታል፤ ወደ ፕሪንት ሳጥኑ ተመለሱ። 16.1 ካለ ለግንበኛው ወረቀቱን፣ ለአሉሚኒየም ሠራተኛው ሶፍት ኮፒውን ስጡ።